የባሌ አባት ሳይመርቁን የሄዱ ዕለት

ይህን ታሪክ ለልጆቼ ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። ግን በነገርኳቸው ቁጥር ራሴን ትንሽ ሳሳምር ኖሬያለሁ። አሁን ዕድሜዬም ሄዷል፣ የሚታዘበኝም ሰው አልቋል፤ ለእናንተ ሳላሳምር እንደ ሆነው ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከመግባቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከተማችን ያኔ ናዝሬት አልተባለችም፤ አዳማ ነበረች። ከተማ ይባል እንጂ ባቡር ጣቢያው፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት የተደረደሩት ሱቆች፣ ቤተ ክርስቲያኑና ከሰዓት በኋላ የሚነሳው አቧራ ነበር። ከሱቆቹ አንዱ የአባቴ ነው። ጨው፣ አቡጀዲና ላምባ ይሸጥ ነበር። ባቡር የሚያራግፈውን ዕቃ ከሰው ሁሉ ቀድሜ የማየው እኔ ነበርኩ። ከዚህ የተነሳ በባቡር ያልመጣ ዕቃ ሁሉ ዕቃ አይመስለኝም ነበር። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ ለቤቱ አንዲት ሴት፣ ሲበዛ ቀበጥ። እንዲያ ነበርኩ።

ያገባሁት ተሰማ ጉርሙን ነው። ተሰማ የጣቢያው ቲኬት ቆራጭ ነበር። የናስ ቁልፍ ያለው ኮትና ቆብ ያደርጋል። ባቡሩ ሲቃረብ ደረቱን ነፍቶ ሲቆም፣ ባቡሩ እሱን ብሎ የመጣ ይመስላል። ሰፈር ሁሉ ያውቀዋል። አገሩ ግን ከአዋሽ ማዶ፣ ሁሩታ ነው። እናቱ በልጅነቱ ሞታበት ያሳደጉት አባቱ ናቸው፤ አቶ ጉርሙ፣ ስንዴና ገብስ የሚያርሱ፣ ቀጭን፣ ረዥም፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው። ኦሮምኛም አማርኛም ይናገራሉ፤ በሁለቱም ግን ዝም ማለት ይወዳሉ።

ሰርጋችን ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው እሑድ ሆነ። በዚያ ዓመት በልጉ በርትቶ ነበር፤ ጠዋት ፀሐይ፣ ማታ ዝናብ። እናቴ ወይዘሮ አስካለ ከሰርጉ ሁለት ወር በፊት ጀምራ የምታወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስለ ብረት አልጋው። አባቴ ከጅቡቲ አስመጥቶ የሰጠን ነው። አራት ማዕዘኑ ላይ የሚያብረቀርቅ የናስ እንቡጥ አለው፤ ሥሩ ሽቦ ነው፤ ሲቀመጡበት ያነጥራል። ከባቡር የወረደ ዕለት እናቴ ከጣቢያው እስከ ተሰማ ቤት አጠገቡ አጠገቡ ሄደች፤ ታቦት የምትሸኝ ነበር የምትመስለው።

አቶ ጉርሙም አልጋ ይዘው መጡ።

ዓርብ ዕለት ከአንዲት ግራጫ አህያ ጋር ከሁሩታ ደረሱ። አህያዋ የአልጋውን እግሮችና ወጋግራዎች ተጭናለች፤ እሳቸው ደግሞ የተጠቀለለ የበሬ ጠፍር በትከሻቸው ተሸክመዋል። ቅዳሜን ሙሉ በተሰማ ግቢ ተቀምጠው ጠፍሩን በውሃ እያራሱ፣ እየወጠሩ፣ እያጠላለፉ ሲሠሩ ዋሉ። እኔ ያኔ በወላጆቼ ቤት ስለነበርኩ አላየሁም። በኋላ ነው የሰማሁት።

እሑድ ተዳርኩ። ሰኞ ጠዋት ዘመዶቼና የሰፈር ሴቶች ሙሽራዋን ሊያዩ፣ የተሰጠውንም ሊያዩ መጡ። የተሰማ ቤት ሁለት ክፍል ናት፤ ጓዳውን የብረት አልጋው ሞልቶታል። የጠፍሩ አልጋ ግን ቦታ አጥቶ በውጭኛው ክፍል ከግድግዳ ተጠግቶ ቆሟል። ሴቶቹ የብረቱን አልጋ እየነኩ፣ እንቡጡን እየዳሰሱ፣ እልል አሉ። ከዚያ የአክስቴ ልጅ ስንዱ ወደ ጠፍር አልጋው ዞረችና፣

«ይሄኛውስ የማን ነው?» አለችኝ።

እኔ ዓይነ ርግቤን ገለጥ አድርጌ፣ ሁሉም እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ይሄማ የሁሩታ አልጋ ነው። በርበሬ ማስጫ ይሆናል» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በሳቃችን መሀል የበሩ መጋረጃ ተነቃነቀ፤ አቶ ጉርሙ ቆመዋል። በእጃቸው በቅጠል የተሸፈነ የማር ቅምጫና ይዘዋል፤ ለእኔ ሊሰጡ ነበር የመጡት። ቶሎ ብዬ ዓይነ ርግቤን መለስኩ። በዚያ ዘመን ሙሽራ ለባሏ አባት ፊቷን አታሳይም፣ ድምጿንም አታሰማም።

እሳቸው ቅምጫናውን ደፉ ላይ አኖሩና፣ «ሙሽራ ቤት ሳቅ ሲሰማ ደስ ይላል» አሉ። ረጋ ብለው ነው ያሉት። ከዚያ ወጡ።

ሰምተዋል ወይስ አልሰሙም? ቀኑን ሙሉ ስጠይቅ የዋልኩት ይህን ነበር። እንዳልሰሙ ራሴን አሳመንኩ። ከቀትር በኋላ ደግሞ እናቴ መጣች። ከሰርጉ የተረፈው ዛላ በርበሬ በሌሊቱ ዝናብ ርሶ ኖሮ ሊሻግት ነው ብላ ተጨነቀች። ዓይኗ ጠፍር አልጋው ላይ አረፈ። ጠዋት ያልኩትን ስንዱ ነግራታለች። «እውነትሽን ነው እኮ» አለችኝና አልጋውን በሁለት ሴቶች አስወጥታ ግቢው መሀል ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው፤ በርበሬውንም አሰጣችበት። አልከለከልኳትም።

በመጋረጃው ቀዳዳ ሳይ፣ አቶ ጉርሙ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አልጋው ዘንድ ደረሱና ቆሙ። ረዥም ጊዜ ቆሙ። ነፋስ ጥቂት ዛላ ከአልጋው ላይ ጥሎ ነበር። ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ ለቀሙና እንዳይረገጥ መልሰው አልጋው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ዳሱ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ የምርቃቱ ቀን ነበር። ሽማግሌዎች ምሳ በልተው ሲጨርሱ የሙሽራው አባት ተነሥተው ሁለታችንን ይመርቃሉ፤ ያን ጊዜ ሰርጉ ተፈጸመ ይባላል። እኔ ገና ሳልነሳ የተሰማን ድምፅ ሰማሁ።

«አባባ የለም» አለ ከደጅ። «አህያዋም የለችም።»

ጎረቤት ጎህ ሲቀድ አይቷቸዋል። አህያቸውን እየነዱ ወደ መልካሳ መንገድ ሲወርዱ፣ ወዴት ነው ቢላቸው፣ «ወደ ቤቴ» ብለውታል።

ተሰማ ወደ ውስጥ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ማነው በአባቴ አልጋ ላይ በርበሬ ያሰጣው?» አለኝ።

«እናቴ ናት» አልኩ።

እናንተ እንድታውቁልኝ የምፈልገው ይህን ነው፤ ያልኩት እውነት ነበር፣ ግን ውሸት ነበር። ለልጆቼ ስነግር ሁልጊዜ የምዘለውም ይህችን ነው።

ተሰማ መሬት ላይ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ረዘም አድርጎ ያናገረኝ ያን ጊዜ ነው።

«እናቴ እኔን የወለደችው መሬት ላይ በተነጠፈ ቆዳ ላይ ነው» አለ። «ታማም የተኛችው እዚያው ነው። ብርዱ ከመሬት እየተነሳ ይገባባት ነበር። አባባ አልጋ ልሠራልሽ እያለ፣ እርሻው፣ አጨዳው፣ ግብሩ እያለ ሳይሠራላት ሞተች። ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ አልጋ ላይ ተኝቶ አያውቅም። ለእኔ ሚስት ስትታጭልኝ ነው ዛፍ የቆረጠው። ጠፍሩ ደግሞ የቦራ ነው፤ እኔን ያሳደገኝ በሬያችን። አርጅቶ ሲሞት ቆዳውን ለማንም አልሰጥም ብሎ አስቀምጦት ነበር። ልጄ የሚያመጣት ልጅ መሬት አትተኛም አለኝ። ቅዳሜ ሙሉ ጠፍሩን ሲወጥር ጣቱ ደምቶ ነበር።»

ያኔ ባልን አንተ ማለት ነውር ነውና፣ «እርስዎ ለምን አልነገሩኝም?» አልኩት። ጥፋቴን ወደ እሱ ማዞሬ ነበር።

«ስጦታ ከነታሪኩ ነው እንዴ የሚሰጠው?» አለኝ።

የጣቢያው ደወል ተደወለ። ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ሊደርስ ነው። ተሰማ ቆቡን አነሣ። «ባቡሩን ሸኝቼ እከተለዋለሁ» ብሎ ወጣ፤ ዞር ብሎም አላየኝ።

ማታ ዝናብ ሲመጣ አልጋውን ከነበርበሬው ወደ ውጭኛው ክፍል መልሰውት ነበር፤ እንግዳ ሳይመጣ ብዬ ከሴቶቹ ጋር ተጣድፌ በርበሬውን ከአልጋው ላይ አነሣሁ። ጠፍሩን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት። አጠላለፉን ልብ ብዬ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አንድም ስህተት የለበትም፤ ዳር ዳሩ ላይ እንደ ቀሚስ ጥልፍ የመሰለ ጌጥ አውጥተውለታል። ማን ያየዋል ብለው ይሆን? እኔ ነበርኩ ማየት የነበረብኝ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ግድም እናቴ እየሮጠች ገባች። እናቴ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። ከመልካሳ የመጣ ፈረሰኛ አባቴ ሱቅ ወርዶ ያወራውን ሰምታ ነው። ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሮ አዋሽ አራት ሰዓት ላይ በድንገት ሞልቷል ብሏል። ያኔ ቆቃ አልተገደበም፣ ድልድይም በዚያ በኩል አልነበረም፤ ሰው የሚሻገረው በመልካው ነው፣ ውሃው በሚሳሳበት ቦታ። ፈረሰኛው ሊሻገር ሲል ሞልቶበት ተመልሷል።

«አንድ ሽማግሌ አህያ ይዞ መሀል ገብቶ ነበር አለ» አለችኝ እናቴ። ትንፋሿ ተቆርጧል። «አህያዋን ውሃው ወስዷታል። ሰውየውን አላየሁትም አለ።»

ነጠላዬን አነሣሁ።

«ወዴት ነው?» አለች።

«ወደ አዋሽ።»

«አብደሻል! ሙሽራ በሦስተኛ ቀኗ ደጅ ትወጣለች? ሰው ምን ይላል? ባልሽ ይሂድ።»

«እማዬ፣ በርበሬ ማስጫ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰምተውኛል። ለተሰማ ግን አንቺ ነሽ ያደረግሽው ብዬ ነገርኩት።»

ስድቧን ጠበቅሁ። እሷ ግን መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ታጠቀችና፣ «ያሰጣሁት እኔ ነኝ። የአባትሽን በቅሎ አስጭኛለሁ፤ ነይ» አለችኝ። ባቡሩ ዘግይቶ ተሰማን ገና ጣቢያው ይዞት ነበርና እዚያ ድረስ መልእክት ልከንበት ተነሣን።

አንዴ እሷ፣ አንዴ እኔ በበቅሎዋ እየተቀመጥን ቁልቁል ወረድን። መንገዱ በግራር መሀል የሚሄድ ነው፤ ሌሊት በጣለው ዝናብ ጭቃው እግር ይይዛል። ሙሽራ መሆኔ በካባዬ ስለሚታወቅ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየናል። ብዙ መንገድ ሄድን። ከዚያ እናቴ ሳልጠይቃት፣

«እኔ ስዳር ለአማቴ በእጄ የፈተልኩትን ኩታ ሰጥቻቸው ነበር» አለች። «ለበቅሎዋ ይሆናል አሉ፤ ሰው ፊት። ሃያ ዓመት ሆነው። አሁንም ስሰማው ጆሮዬን ያቃጥለኛል። ያን ዕለት ለራሴ ምን አልኩ መሰለሽ? ልጄ ስትዳር ማንም የማይንቀው ነገር ይዛ ትገባለች አልኩ። ያ የብረት አልጋ ለዚያ ነበር። እና ሄጄ ሄጄ እኔው ራሴ የሰው ስጦታ ላይ በርበሬ አሰጣለሁ?»

ስታለቅስ አየሁ። እናቴን እንደ እናት ሳይሆን እንደ አንዲት ሴት ልጅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ደረስን። ወንዙ ከመታየቱ በፊት ይሰማ ነበር። መልካው ያለበት ቦታ ጭቃ የመሰለ ውሃ ሞልቶ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ እያንከባለለ ይወርዳል። በእኛ በኩል መሻገር ያቃታቸው ነጋዴዎች ከነግመላቸውና ከነአህያቸው ሰፍረዋል። ከነሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ቁጥቋጦ የያዛት አንዲት የሞተች አህያ ውሃው ላይ ትናጣለች። ግራጫ ናት። አንገቷ ላይ ለሰርጉ የታሰረላት ቀይ ክር አለ።

መሬት ተቀመጥኩ። እናቴ ከነጋዴዎቹ ወደ አንዱ ሄደች፤ ከወሎ የመጣ ጨው ነጋዴ ነው፣ ሰይድ ይባላል፣ ደረቱ ሰፊ።

«ወንድሜ፣ የዚህች አህያ ጌታ የት ገባ?»

«ወላሂ እናቴ፣ እኔ ስደርስ አህያይቱ ብቻ ነበረች» አላት። «የሚሉት ግን ሁለት ነው። አንዱ ሰጠመ ይላል፣ ሌላው ወጥቷል ይላል።»

እኔ ይህን እየሰማሁ ማዶውን አየሁ። ማዶም ሰው ተሰብስቧል። ከሰዎቹ ራቅ ብሎ፣ ግራር ሥር፣ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። እርጥብ ኩታው ቅርንጫፍ ላይ ተሰጥቷል። ረዥም ዱላውን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን አስደግፎበታል። ሰኞ ዳሱ ውስጥ እንዲያ ነበር የተቀመጡት።

«እሳቸው ናቸው!» ብዬ ጮህኩ። «እማዬ፣ እሳቸው ናቸው!»

እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ነጋዴው ሰይድ ግራ ገብቶት፣ «ምንሽ ናቸው?» አለኝ።

«የባሌ አባት ናቸው። አስቀይሜያቸው ሳይመርቁን ሄዱ። አሁን ይቅርታ ልጠይቃቸው ነው።»

ሰይድ ወንዙን አየ፣ እኔን አየ። «ድምፅሽ አይደርስም፤ እኔ ልጥራልሽ» አለና እጆቹን አፉ ላይ አድርጎ ያንን አገር አናወጠው። «የሁሩታው ሰውዬ ሆይ! ሙሽራይቱ መጥታለች! ስለ በርበሬው ነው!»

ማዶ ያሉት ተያዩ። ከመሀላቸው አንዱ መልሶ ጮኸ። «በርበሬ አንፈልግም! አለን!»

በእኛ በኩል የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴ እንኳ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። እኔ ግን ሳቁ ያንን የሰኞውን ሳቅ አስታወሰኝ። ይህን በሰው አፍ የምጨርሰው ነገር እንዳልሆነ ገባኝ። ሰው ፊት ነው ያዋረድኳቸው፤ ሰው ፊት ክብራቸውን ማንሳት ያለብኝም ራሴ ነኝ። ከመልካው ከፍ ብሎ ወንዙ በሁለት ቋጥኝ መሀል ይጠባል። ወደዚያ ሮጥኩ። ቋጥኙ ጫፍ ላይ ወጣሁና ዓይነ ርግቤን ከፊቴ ላይ አነሣሁት።

«አባባ!» አልኩ ባለኝ ድምፅ ሁሉ። «አባባ ጉርሙ! እኔ ነኝ!»

ዱላቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። ዞሩ።

«በርበሬ ማስጫ ያልኩት እኔ ነኝ! እናቴ አይደለችም፣ ተሰማም አይደለም፣ እኔ ነኝ! አላወቅሁም ነበር! ባላውቅም ማለት አልነበረብኝም! አልጋውን አይቼዋለሁ! ጌጡንም አይቼዋለሁ! ገለቶማ አባባ፣ ገለቶማ!»

ገለቶማ በኦሮምኛ ማመስገን ነው፤ ገበያ ውስጥ ሲባል ሰምቼ የያዝኩት ነው። ትክክል ልበለው፣ ስህተት ልበለው አላውቅም። አቶ ጉርሙ ግን ዱላቸውን ጥለው ወደ ወንዙ መሮጥ ጀመሩ። እጃቸውን ያወናጭፋሉ። ሊቆጡኝ ነው አልኩ። ማዶው ቋጥኝ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አድርገው ሰማኋቸው።

«ወደ ኋላ! ኢንተላ ኮ፣ ወደ ኋላ በይ! ድንጋዩ ያዳልጣል!»

ኢንተላ ኮ ማለት ልጄ ማለት ነው። እግሬን ሳይ እውነትም የቋጥኙ ጠርዝ ላይ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ነበርኩ። እናቴ ከኋላ በካባዬ ጎትታ አወረደችኝ። እዚያው ተንበርክኬ አለቀስኩ።

አቶ ጉርሙ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩ። ከዚያ፣ «ሰኞም ሰምቼሻለሁ!» አሉ። «ዛሬም ሰምቼሻለሁ! አበቃ! እኔም አጥፍቻለሁ! ሽማግሌ አኩርፎ መንገድ አይጀምርም፤ ተቀምጦ ይናገራል! አህያዬን ያስበላሁ እኔ ነኝ!»

እናቴም ተራዋን ወጣች። «አቶ ጉርሙ! ያሰጣሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ!»

«ወይዘሮ አስካለ፣ በርበሬው ደረቀ?» አሉ።

«ደረቀ!»

«እንግዲያ አልጋው ጥሩ ነው ማለት ነው!»

ሁለቱም ዳር በሳቅ አወካ። እሳቸውም ሳቁ። ሲስቁ ተሰማን ይመስላሉ።

«አባባ፣ እንግዲያ ይመርቁኝ» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምርቃት ለአንድ ሰው አይሆንም። ባልሽ የታል?»

ጠበቅን። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ ግራሮቹ ጥላቸውን ውሃው ላይ ጥለዋል። ነጋዴዎቹ ነገሩን ከሥሩ ስለሰሙ ጭነታቸውን ትተው ተቀምጠዋል። ሰይድ ለእናቴ ውሃ ሰጣት፣ ለእኔ ቴምር። ብዙ ሳይቆይ ተሰማ በጭቃ ተለቅልቆ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ እየሮጠ ደረሰ። መጀመሪያ ያየው አህያዋን ነው። እዚያው ቆሞ ቀረ። እጁን ያዝኩና ማዶውን አሳየሁት። ሰው ፊት እጁን ስይዘው የመጀመሪያዬ ነው።

አባትየው ገና ሲያዩት፣ «ቆብህን ልበስ፣ ብርድ ይመታሃል!» ብለው ጮኹበት።

ጎን ለጎን ተንበረከክን። አቶ ጉርሙ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ያ ዝምተኛ ሰው ሲመርቅ ወንዙን በለጠው። «ቤታችሁ እንግዳ አይጣ! ቃላችሁ አይጋጭ! የወለዳችሁት ይደግላችሁ! አንዳችሁ ስታጠፉ አንዳችሁ ለማንሳት ጎንበስ በሉ! ሆራ ቡላ! ተባዙ፣ ኑሩ!» በያንዳንዱ ቃል ላይ ማዶ ያለው ሕዝብ አሜን አለ፣ በእኛ በኩል ያለውም አሜን አለ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ሰይድ ከሁሉ ጮክ ብሎ። ከእናቴና ከተሰማ በቀር እኔን የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ በሌለበት ቦታ ሁለት ዳር ሙሉ ሰው ትዳሬን አሜን አለልኝ። አዳማ የቀረው ሽማግሌ ምሳውን በልቶ ምን እንዳለ አላውቅም፤ ብዙ ታምተናል መሰለኝ።

ውሃው በማግሥቱ ጎደለ። በሳምንቱ ተሰማና እኔ ሁሩታ ድረስ ሄድን። አባቴ አንዲት ወጣት አህያ ሰጥቶን ይዘንላቸው ሄድን። አቶ ጉርሙ አህያዋን ዞር ዞር ብለው አዩ፣ ጥርሷን አዩ፣ ጆሮዋን አሹ። «ቆንጆ ናት፤ ገለቶሚ» አሉኝ። ለእኔ ሲሆን ገለቶማ ሳይሆን ገለቶሚ እንደሚባል ያን ዕለት ተማርኩ። ከዚያ፣ «ከእንግዲህ እኔ ፊት አትሸፈኚ። አንድ ጊዜ አይቼሻለሁ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ተሸፍኜላቸው አላውቅም። ሰው ቢገርመውም አልተውኩም።

የብረቱን አልጋ እናቴ መልሳ ወሰደችው። ሲያነጥር እንቅልፍ እንደሚነሳት ሁሌ ታማርር ነበር፤ ግን እስክትሞት አልለቀቀችውም። እኛ ጠፍሩ ላይ ተኛን። አምስት ልጆች ወለድኩበት። ጦርነቱ ሲመጣ አቶ ጉርሙ እኛ ዘንድ መጡ። አልጋው ላይ ይተኙ ብለን ስንለምናቸው ወር ሙሉ እምቢ አሉ፤ በመጨረሻ አንድ ብርዳም ቀን ታመው ተኙበት። ሲነቁ ጠፍሩን በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ «ደህና አድርጌ ነው የሠራሁት» አሉ። ለሟች ሚስታቸው የነገሯት መሰለኝ፤ ስለዚህ አልመለስኩላቸውም።

እናንተ የምታነቡ፣ ያ ቀን ምን ለወጠብሽ ብትሉኝ መልሴ ይህ ነው። ከዚያ በፊት ማመስገን ለባዳ የሚደረግ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ የቤት ሰው የሰጠው ሁሉ የሚገባኝ ነው ብዬ አስብ ነበር። ስጦታን በዋጋው፣ በመጣበት አገር እመዝነው ነበር። ሰጪው ሰው ግን ዳር ቆሞ ፊቴን እንደሚያይ አላውቅም ነበር። ሽማግሌም እንደ ልጅ ሆድ እንደሚብሰው አላውቅም ነበር። ደግሞ ከአቶ ጉርሙ የያዝኩት ሌላ ነገር አለ፤ የተከፋ አዛውንት ዝም ብሎ አይሂድ፣ ይናገር። እኛ አሮጊቶች ልጆቹ ራሳቸው ካልገባቸው ብለን እናኮርፋለን። ማን ነግሯቸው ይገባቸዋል?

ባለፈው ዓመት የልጅ ልጄ ስትዳር የእናቴን የብር አምባር ሰጠኋት። ተቀበለችና ሳታየው ከሌሎቹ እሽጎች ጋር ወንበር ላይ ጣል አደረገችው። ሆዴ ባሰኝ። ነጠላዬን ይዤ ልወጣ ተነሣሁ፤ በሩ ድረስም ሄጃለሁ። ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩ። እንግዳው ሲቀንስ ወደ አጠገቤ ጠራኋትና አምባሩ የማን እጅ ላይ እንደ ነበረ፣ ሳትመለከተው ስታስቀምጠው እንዴት እንደ ከፋኝ ነገርኳት። ፊቷ ቀላ። ደክሟት እንደ ነበር ነገረችኝ፤ እውነቷን ነበር። አምባሩን አምጥታ እጇ ላይ እንዳስገባላት አንጓዋን ዘረጋችልኝ። ትንሽ ጠበባት፤ በሳሙና ውሃ አድርገን፣ ሁለታችንም እየሳቅን፣ አስገባነው።